የእጅ ዕድሜና የሐሳብ ዕድሜ

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ የአንድ ገጽ ድርሰት እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል። የሚጽፈው ነገር አላጣም። እንግዶች በተሰበሰቡበት ዕለት አባቱ በእርሱ ላይ ቀልዶ ሰው ሁሉ ሲስቅበት የተሰማውን ስሜት አሳምሮ ያስታውሰዋል። የስሜቱንም ስም ያውቀዋል፤ አያቱ ደጋግማ ስትለው ሰምቷል፤ «ተሸማቀቅሁ» ነው። ነገር ግን «ተሸማ» ብሎ ከጀመረ በኋላ የሚከተሉት «ቀ»ዎች ስንት እንደሆኑ፣ መጨረሻውም «ሁ» ይሁን «ኩ» ግራ ገባው። ባለፈው ሳምንት ደብተሩ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ እንደተመለሰለት ትዝ አለው። ስለዚህ የጀመረውን በላጲስ አጠፋና «ፈራሁ» ብሎ ጻፈ። መምህሩ ሲያርም አንዳች ስሕተት ስላላገኘበት ከ10 10 ሰጠው። ልጁ ግን ያን ዕለት አልፈራም ነበር።

በዚህች ትንሽ ልውውጥ ውስጥ ሆን ብሎ የዋሸ ሰው የለም። መምህሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ልጁም የታዘዘውን ፈጽሟል። ሆኖም በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ነገር አልሆነም። የልጆች ጽሕፈት እንዴት እንደሚያድግ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የፊደል አጣጣል፣ የሥርዐተ ነጥብና የሰዋስው ነገር ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ከዚህ ሥር ግን እምብዛም የማይነሣ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። ይኸውም ልጁ ሳይሳሳት እንዲጽፍና የሚያውቀውን እንዲጽፍ የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ሲጋጩ አራሚው ለየትኛው ይወግናል የሚለው ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ ጽሕፈት በልጅ ውስጥ ከየት እንደሚነሣ መመልከት ይጠቅማል። የጽሕፈት ዕድገት ከ«ሀ» አይጀምርም። ፊደል ያልቆጠረ የአራት ዓመት ሕፃን ከሰል ይዞ ግድግዳውን ይሞነጫጭራል፤ «ምን እያደረግህ ነው?» ቢሉት «ደብዳቤ እየጻፍሁ» ይላል። አዋቂ ይስቃል። ሶቪየታዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ግን ነገሩን በቁም ነገር ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጥናት፣ መጻፍ ለማያውቁ ሕፃናት በቃል ሊይዙት ከሚችሉት በላይ ብዙ ዓረፍተ ነገር እየነገረ፣ እንዳይረሱት በወረቀት ላይ የመሰላቸውን ምልክት እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። ብዙዎቹ የአዋቂን እጅ እየመሰሉ ዝም ብለው ጫሩ፤ ጭረቱም አንዳች አላስታወሳቸውም። አንዳንዶቹ ግን የብዛት ወይም የጥቁረት ነገር ሲነሣ ጭረታቸው መልኩን ለወጠ። በዚያች ቅጽበት ምልክት አንድን ነገር ወክሎ ሊቆም እንደሚችል ደርሰውበታል ማለት ነው። የሉሪያ ባልደረባ ሌቭ ቪጎትስኪም የእጅ ምልክትን በአየር ላይ እንደተጻፈ ጽሑፍ የቆጠረው የጽሕፈትን ሥር ከፊደል በፊት ለማግኘት ብሎ ነው።

ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 አርጀንቲናዊቷ ኤሚሊያ ፌሬይሮ ከአና ቴቤሮስኪ ጋር ያሳተመችው ጥናት ይበልጥ አስደናቂ ነገር አመጣ። ፌሬይሮ በጄኔቭ ከዣን ፒያዤ ዘንድ የተማረች፣ ኋላም በሜክሲኮ ኖራ እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈች ምሁር ናት። የእርሷና የባልደረባዋ ግኝት፣ ሕፃናት ጽሕፈትን እንደ ባዶ እንስራ ተቀምጠው የሚቀዳላቸው ሳይሆኑ የራሳቸውን ሕግ እያወጡና እያፈረሱ የሚሄዱ ናቸው የሚል ነበር። ገና ያልተማረ የስፓኒሽ ተናጋሪ ልጅ ቢራቢሮ ማለት የሆነውን «ማሪፖሳ» የሚለውን ቃል ጻፍ ቢሉት አራት ፊደል ብቻ ያስቀምጣል፤ ቃሉ ሲነገር አራት ጊዜ አፍ ይከፈታልና ለእያንዳንዱ አንድ ምልክት ይበቃል ብሎ ያስባል። በላቲን ፊደል ግን ቃሉ ስምንት ፊደል ይፈልጋል። ስለዚህ በቦነስ አይረስ ያ ልጅ «ተሳስተሃል» ይባላል።

እዚህ ላይ የግእዝ ፊደል አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ያ ልጅ ጎንደር ወይም አስመራ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ «ቢራቢሮ» ብሎ አራት ፊደል ሲጽፍ ማንም ባላረመው ነበር። አንዱ አገር ስሕተት ያለው ሐሳብ በሌላው አገር የፊደሉ ሕግ ነው። እርግጥ የእኛም ፊደል ሁልጊዜ እንዲህ ቀና አይደለም። «ልጅ» የሚለው ቃል በአንድ ትንፋሽ ይባላል፤ የሚጻፈው ግን በሁለት ፊደል ነው። የነገር መጠንና የስም ርዝመትም አይገናኙም። ትልቅ ነገር ረጅም ስም ይገባዋል ብሎ የሚያስብ ሕፃን፣ «በሬ» በሁለት ፊደል ሲያልቅ «ጉንዳን» አራት ፊደል እንደሚወስድ ሲያይ በፊደል ገበታው ፍትሕ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ዋናው ነገር ግን የልጁ ስሕተት በአብዛኛው የሐሳብ ጉድለት አለመሆኑ ነው። ስሕተቱ ራሱ ሥራ ላይ ያለ ሐሳብ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ልጅ ሁለት ዕድሜ አለው የሚል ነው፤ አንዱ የእጁ፣ ሌላው የሐሳቡ። የእጁ ዕድሜ ፊደል ለመጣል፣ መስመር ለመጠበቅ፣ ቃልን በተለመደው ሆሄ ለማስፈር የደረሰበት ነው። የሐሳቡ ዕድሜ ያየውን ለማየት፣ የሰማውን ለመለየት፣ የቀናበትንና ያፈረበትን ለማወቅ የደረሰበት ነው። ሁለቱ አብረው አይራመዱም። በስምንት ዓመቱ ሐሳቡ ከእጁ ብዙ ቀድሞ ይሄዳል፤ ደብተሩን የሚያየው አዋቂ ግን የሚያየው እጁን ብቻ ነው።

የእጁ ሸክምም ቀላል አይደለም። መደበኛው የአማርኛ ገበታ 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት እያረባ፣ እንደ «ሏ» ያሉትን ዲቃሎች ሳይጨምር፣ 231 ቅርጾችን ያስቆጥራል። ካዕቡና ሣልሱ መጠነኛ ሥርዐት ቢኖራቸውም ሳድሱ ለእያንዳንዱ ፊደል በራሱ መንገድ ይሰበራል። ከዚያ ሞክሼዎቹ ይመጣሉ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁ ቅንጣት ሳይለወጥ በሁለቱ «ጸ»ዎችና በስድስቱ የ«ሀ» ዓይነቶች እያቀያየሩ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚሠራውን ሠራ ማለት ስለሆነ ልዩነቱ ዋጋ ነበረው። በአማርኛ ግን ጆሮ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ጆሮው አልሳተም፤ አስተሳሰቡም አልሳተም፤ ያልደረሰበት የቃሉን ታሪክ ነው። ታሪኩን ማስተማር ተገቢ ነው፤ ታሪክን አለማወቅን እንደ ስንፍና መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው። የሞክሼ ፊደላትን ነገር ሊቃውንቱ ራሳቸው ሲከራከሩበት ኖረዋልና የስምንት ዓመት ልጅ ተለይቶ ተከሳሽ የሚሆንበት ምክንያት አይታይም።

የእጅ ሥራ ገና ልማድ ያልሆነለት ልጅ ልቡናውን በሙሉ ፊደል በመጣል ላይ ያውለዋል፤ ሐሳብ ለማሰናዳት የሚተርፈው ጥቂት ነው። እጅ ሲፈጥንና ሲላላ ግን ጽሑፉ ይረዝማል፤ ይጠነክራልም። በዚህ በኩል ቁም ጽሕፈትና ቃለ ጽሕፈት በየቀኑ ያስለመዱት የድሮ መምህራን አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የሚመጣው እጅ እስኪበረታ ድረስ ሐሳብ በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ሲታዘዝ ነው። የጠበቀ ሐሳብ ተመልሶ ይሄዳል። «ተሸማቀቅሁ» የሄደው እንደዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ችግር ከብዙ ዘመን በፊት በራሱ መንገድ የፈታ ትምህርት ቤት አለ፤ ነገር ግን ከጽሕፈት ጋር አያይዞ የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ ከዚያም ዳዊትን ይደግማል። ይህ ሁሉ ንባብ ነው፤ መጻፍ የለበትም። መጻፍ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ብርዕ የሚቀርጽ የቁም ጸሐፊ ሙያ ነበር፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ አይጽፍም። ድርሰት ግን ከጽሕፈት ተለይቶ በቅኔ ቤት ይኖር ነበር። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፤ ከፍ ሲል ይዘርፋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን የራስ አድርጎ ማቅረብ ይበልጥ ነውር ነው። «ዘረፈ» የሚለው ቃል በቅኔ ቤት የራስን አፍልቆ ማውረድ ማለት መሆኑ የሚያስደስት ነው፤ ውጭ ያለው ሌባ የሰው ይወስዳል፤ እዚህ ያለው ዘራፊ ከራሱ ያወጣል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ ሐሳቡ በእጁ አቅም አለመመዘኑ ነው። በጎጃም ዐይነ ሥውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድርሰት ዐይንና ብርዕ ሳይጠይቅ ሙሉ ሆኖ ይቆም ነበርና። የቅኔ ቤት ገነት ነበር ማለት አይደለም። ረኃቡ፣ ቁራሽ ፍለጋው፣ አለንጋው ይታወቃል፤ ሴት ልጅም እንደ እማሆይ ገላነሽ ያለች ጥቂት ካልሆነች በቀር ደጁን አትረግጥም ነበር። ነገር ግን «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አሰብህ?» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ ለልጅ ያቀርብ የነበረ ተቋም መሆኑን መካድ አይቻልም። በአንጻሩ ከሐረር እስከ ሞቃዲሾ ባሉት የቁርኣን ቤቶች ልጁ በሉሑ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ የጻፈውን ሲሸመድድ ሉሑ ይታጠባል፤ ሌላ ይጻፍበታል። በዚያ እጅ ቀድሞ ይሰለጥናል፤ የሚጻፈው ቃል ግን የልጁ አይደለም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ሁለቱ ቤቶች ከጽሕፈት አንድ አንድ ግማሽ ይዘዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁለቱንም ግማሾች በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ቀይ እስክሪብቶ ለመያዝ የሞከረ ነው።

ይሁንና በዚህ አካባቢ ብዙ ልጆች ጽሕፈትን ከልብ የተማሩት በድርሰት ክፍለ ጊዜ አይደለም፤ ለወላጅና ለጎረቤት ደብዳቤ ሲጽፉ ነው። በኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ በሶማሊያም ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲን ፊደል አግኝቶ በ1974 እና በ1975 ተማሪዎች ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ ማንበብ የቻለ ሰው ቁጥር ጨመረ። ቢሆንም በብዙ ቤት ብዕር የሚጨብጠው ልጁ ብቻ ነበር። ልጁም ወደ ጅዳ፣ ወደ ካርቱም፣ ወደ ቤይሩት ለሄደው ታላቅ ወንድሙ ወይም ለእኅቱ የእናቱን ቃል ይጽፋል። መጀመሪያ የሚይዘው ሥርዐቱን ነው፤ «ይድረስ ለ» ብሎ ይጀምራል፤ ጤና ይጠይቃል፤ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን» ይላል፤ ሰላምታ ለሚገባው ሁሉ ስም ይጠራል።

እነሆ፣ እናት ልጇን አስቀምጣ ታጽፋለች። «ጎኔን እያመመኝ ነው በለው» ትላለች። ልጁ ይጽፋል። ትንሽ ቆይታ «ተወው፣ አትጻፈው፣ ይጨነቃል» ትላለች። ልጁ ይሰርዛል። ከዚያ «ላሟን ሸጥናት በለው፤ ለምን እንደሆነ ግን አትንገረው» ትላለች። ይህን የሚሰማው ልጅ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። በዚያች ሰዓት ማንም ያላስተማረውን ነገር ይማራል፤ ሩቅ ያለው ሰው የእናቱን ፊት አያይም፤ ድምፅዋንም አይሰማም፤ የሚደርሰው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለውም የሌለውም እኩል ይናገራል። ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው መጽሐፉ ጽሕፈት ለልጅ የሚከብደው ስለ እጅ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከፊቱ ለሌለ ሰው መናገር ስለሆነ ጭምር እንደሆነ ያስረዳል። ልጅ በመጀመሪያ «እሱ መጣና ወሰደው» ብሎ ይጽፋል፤ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተወሰደ ለእርሱ ግልጽ ነውና አንባቢውም አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል። ፊደላችንም አያግዘውም፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ «ገና» ብሎ ሲጽፍ በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ጊዜ አንባቢ ከዙሪያው ቃል ማግኘት አለበት። ሌላው ሰው የእኔን ሐሳብ እንደማያይ መገንዘብ የጽሕፈት እድገት ትልቁ እርከን ነው፤ የግብረ ገብም እርከን ነው። ለዚያ ልጅ ሩቅ ያለው ወንድም አንባቢው ብቻ አይደለም፤ ሊያዝንና ሊታለል የሚችል ሰው ነው።

ታዲያ ልጁ ምን ይጻፍ? «ደህና ነን» ቢል የእናቱን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ወንድሙን ግን ያታልላል። በገዛ ራሱ ከጥግ ላይ «እማማ ታማለች» ብሎ ቢጨምር የሰው ቃል የማይገባ ቦታ ይጨምራል፤ የእናቱን እምነት ያፈርሳል። ብዙ ልጆች ጨምረዋል፤ ብዙዎችም ትተዋል፤ ሁለቱም ወገን ለምን እንዳደረጉት ያውቃሉ። የመምህሩ ቀይ ቀለም ስለዚህ ምርጫ አንዳች የሚለው የለውም። ወረቀቱ በፊደል ግድፈት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን በዚያ ወረቀት ላይ እንደ ጸሐፊ አስቧል።

ሥርዐታዊውን አባባል በጠቅላላው መንቀፍ ግን አይገባም። «ይድረስ ለ» የሚለው ልማድ ልጁ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቆም የሚይዘው ምርኩዝ ነው። ችግሩ ምርኩዙ እግር ሲሆን ነው። በኬንያ የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2023 ሲሰጥ ልጆች በእንግሊዝኛ ድርሰት፣ በስዋሂሊ ደግሞ ኢንሻ ይጽፉ ነበር። ያን ፈተና ያለፈ ሰው የተሸመደዱ ውብ መግቢያዎችን፣ ለማንኛውም ርእስ የሚሆኑ የፀሐይ መውጫ መግለጫዎችን፣ በየመስመሩ የሚሰኩ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ያስታውሳል። ርእሱ ሰርግም ይሁን የመኪና አደጋ ፀሐይዋ በዚያው ቃል ትወጣለች። ናይሮቢ ያደጉ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆችም ይህን ጥበብ ከማንም አላነሰ ተክነውበታል። ካናዳ ውስጥ የጽሕፈትን ሥነ ልቡና ያጠኑት ካርል ቤራይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሚያውቀውን በመጣለት ቅደም ተከተል በሚዘረግፍ ጸሐፊና እየጻፈ የሚያውቀውን በሚለውጥ ጸሐፊ መካከል ያለውን ልዩነት አስፍረዋል። ሁለተኛው ዓይነት በዕድሜ ብቻ አይመጣም፤ ብዙ አዋቂዎችም አይደርሱበትም። የተሸመደደ ውበት ግን ልጁን ከመጀመሪያው ዓይነት እንኳ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሚዘረግፈው የሌላ ሰው ነውና።

ዛሬ ደግሞ ያንን ውበት ለመሸምደድ እንኳ ድካም አያስፈልግም፤ የተጠየቀውን ርእስ በሰከንዶች ውስጥ በተስተካከለ ቋንቋ የሚጽፍ የኮምፒውተር መርሐ ግብር በስልክ ውስጥ አለ። ብዙ መምህራን ይህን እንደ ኩረጃ ብቻ ያዩታል። ይሁንና ልጁን «ስሕተት የሌለበት ገጽ አምጣ» ብሎ ለዓመታት ያስለመደ ሰው፣ ልጁ ስሕተት የሌለበትን ገጽ ከሚያገኝበት ቢያመጣለት የሚቆጣበት ሥልጣን ትንሽ ነው። «ፈራሁ» ያለው ልጅና በመሣሪያ ያስጻፈው ልጅ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው በሁለት ቋንቋ መካከል ለሚያድጉት ነው። በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በጅቡቲ የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ስለ አየር ንብረት ሦስት ገጽ ትጽፋለች። ቅዳሜ አማርኛ ስትማር ግን «ድመቷ ነጭ ናት» ብላ ታቆማለች። የሐሳቧ ዕድሜ 12 ነው፤ የአማርኛ እጇ ዕድሜ 6 ነው። አጎቷ ደብተሩን አይቶ «ይቺ ልጅ ገና ናት» ሲል የፈረደው በእጇ ላይ ሆኖ ሳለ እርሷ የምትሰማው በሁለንተናዋ ላይ እንደተፈረደ ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው መጽሐፉ በልጅነቱ በኬንያ ጊኩዩ ሲናገር የተገኘ ተማሪ እንዴት ይቀጣ እንደነበር፣ በእንግሊዝኛ የቀናው ደግሞ እንዴት ይሞገስ እንደነበር ተርኳል። በቅዳሜው ክፍል አለንጋ የለም። ነገር ግን አንድ ቋንቋ ሐሳቧን ሁሉ የሚቀበላት፣ ሌላው ደግሞ ድመት ብቻ የሚፈቅድላት ከሆነ የትኛውን እንደምትመርጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በአገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እጁ መላላት የጀመረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ እንደገና ሕፃን ይሆናል።

ተቃውሞ ይኖራል፤ ተገቢም ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ልጆች የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ሐሳብ የሚያዳምጥበት ጊዜ የለውም፤ ያልታረመ ስሕተት ይደነድናል፤ የሥራ ማመልከቻ የሚቀበል ጸሐፊ «ሐሳቡ ግን ጥልቅ ነው» ብሎ ግድፈትን አያልፍም። ደግሞም በትክክል መጻፍ ራሱ ለአንባቢ የሚደረግ አክብሮት ነው፤ ሩቅ ያለው ወንድም ሊያነበው በማይችል እጅ የተጻፈ እውነት አይደርሰውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ይታረም ወይስ አይታረም አይደለም፤ በምን ቅደም ተከተል የሚል ነው። መምህሩ በሕዳጉ ላይ «አባትህ ከዚያ በኋላ ምን አለህ?» ብሎ ቢጽፍ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ስሕተት ከማክበብ አይበልጥም። ልጁ ግን ጽሑፉ ተነብቦ መልስ እንዳገኘ ያውቃል። ያን ያወቀ ልጅ «ተሸማቀቅሁ» እንዴት እንደሚጻፍ ራሱ ይጠይቃል፤ አሁን ቃሉ ያስፈልገዋልና። በ«ፈራሁ» ላይ ያረፈው 10 ግን የሚያስጠይቅ ነገር አይተውለትም።

ሌላም የሚገርም ልማድ አለ። በመሥሪያ ቤቶች «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» ይባላል፤ ለውልና ለደረሰኝ ትክክለኛ ሕግ ነው። ይኸው ሕግ ግን ሾልኮ ወደ ልጆች ደብተር ገብቷል፤ የተሰረዘበት ድርሰት ነጥብ ይቀነስበታል፤ ልጁም ከመሰረዝ ይልቅ ያልሆነውን እንዳለ መተው ይመርጣል። ከ12 እና ከ13 ዓመት ወዲህ ያለው እድገት ግን ከሁሉ በላይ የሚታየው በስርዙ ነው። ትንሹ ልጅ ሲሰርዝ ፊደል ያቀናል፤ ትልቁ ሲሰርዝ «ጠላሁት» የሚለውን አጥፍቶ «ቀናሁበት» ይላል፤ ከዚያ እርሱንም አጥፍቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ከነጭራሹ ያወጣዋል። ንጹሕ ገጽ የሚሻ መምህር ይህን ሁሉ አያይም፤ ልጁ በቤቱ በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጦ ማስረጃውን አጥፍቶ ያመጣለታልና።

የብራና ጸሐፊዎች በዚህ ረገድ አያፍሩም ነበር። ብራና ውድ ስለሆነ ስለ አንድ ስሕተት ቅጠሉ አይጣልም፤ የተሳሳተው ቃል በስለት ይፋቃል፤ የተረሳው ቃል በሁለት መስመር መካከል በደቃቅ ፊደል ይገባል። ሙሉ መስመር የተዘለለ እንደሆነ በላይኛው ወይም በታችኛው ሕዳግ ላይ ይጻፍና የሚገባበት ቦታ በትንሽ ምልክት ይጠቆማል። በየገዳማቱ ካሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ምልክት ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ዲያቆኑም በሚያነብበት ጊዜ ምልክቱ ዘንድ ሲደርስ ዐይኑን ወደ ሕዳጉ ያነሣል፤ የተረሳውን ያነባል፤ ወደ መስመሩ ተመልሶ ይቀጥላል።